በስብከት ሰዓት የሚተኛው ጎሚስታ

በሕይወቴ አንድ ሰው በመርፌ ወግቻለሁ። ያውም በጸሎት ቤት፣ ያውም አባቴ ቆሞ እየሰበከ። ይህን ስናገር ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ «ለመሆኑ ስንት ዓመትሽ ነበር?» ይለኛል። ስምንት ነበርኩ። ለመውጋት ይበቃል።

አባቴ ፓስተር ነበር። ፎቶው በየግድግዳው የሚለጠፍለት፣ መኪና የሚላክለት ዓይነት ፓስተር እንዳይመስላችሁ። አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ፣ ሃያ አራት አግዳሚ ወንበር፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ከጣሪያው ጋር ትግል። ምእመናኑን የሚጠይቅባት አንዲት አሮጌ ብስክሌት ነበረችው። ቁመቱ መለሎ ስለሆነ ሲነዳት ጉልበቱ መሪውን ሊመታ ምንም አይቀረው። የሰፈር ልጆች «ፓስተር ፌንጣ» ይሉታል። ይሰማል፤ ደወሉን ቅጭል ቅጭል አድርጎላቸው ያልፋል።

በዚያ ዓመት አግዳሚዎቹ አንድ በአንድ ባዶ መሆን ጀመሩ። መጀመሪያ መዘምራኑ ከነኦርጋናቸው ከተማው ማዶ ወደተከፈተው ትልቅ አዳራሽ ሄዱ። ወጣቶቹ ተከተሏቸው። ከወጣቶቹ ኋላ እናቶቻቸው። እኔ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር፤ አንድ አግዳሚ ሙሉ ለብቻዬ ደረሰኝ፣ ከፈለግኩ እግሬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ። የአባቴ ፊት ከእሁድ እሁድ እየጠቆረ መሄዱን አይቻለሁ። ግን ምክንያቱ የሰው ማነስ ነው ብዬ አላሰብኩም። ምክንያቱ ጎሚስታው ነው ብዬ ነበር የማምነው።

ጎሚስታው ከቤታችን በታች፣ መንገዱ ሲታጠፍ ባለች ደሳሳ ሱቅ ጎማ የሚጠግን ሰው ነው። ትከሻው ሰፊ፣ አንገቱ አጭር፣ ቢታጠብ ቢታጠብ ጥፍሩ ሥር ጥቁር የማይለቀው። እሁድ እሁድ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ይመጣና ከኋላ አራተኛው አግዳሚ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። መጽሐፍ ቅዱሱን ጉልበቱ ላይ ይዘረጋል። አባቴ «ቃሉን እናንብብ» ከማለቱ አገጩ ደረቱ ላይ ነው። እንቅልፉ ደግሞ የጨዋ እንቅልፍ አይደለም፤ ያንኮራፋል። አባቴ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ እሱም ከፍ ያደርጋል።

ከእሱ ፊት የምትቀመጥ አንዲት ሴትዮ ነበረች፤ እኛ ልጆች «እትዬ አሜን» ያልናት። እትዬ አሜን አሜን የማትልበት ነገር የለም። ማስታወቂያ ሲነበብ፣ «አንድ ጥቁር ጃንጥላ ተገኝቷል» ሲባል፣ «አሜን!» ትላለች። እሷ እንኳ አልፎ አልፎ ዞር ብላ ጎሚስታውን በግልምጫ ታነሳው ነበር። የሚነሳ ሰው ሲኖር አይደል!

እናቴ የተማሪዎች ዩኒፎርም ትሰፋለች። የስፌት መኪናዋ የሳሎኑን ግማሽ ይዟል፣ እኔ ከሥሩ ገብቼ በቁርጥራጭ ጨርቅ እጫወታለሁ። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ እዚያው እንዳለሁ አባቴ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ በክርኑ ተደገፈ።

«አሥራ ዘጠኝ ሰው» አላት። «ከአሥራ ዘጠኙ አንዱ ያንኮራፋል።»

«ሰውዬው ደክሞት ይሆናላ።»

«እኔ ነኝ ያደከምኩት።»

«አንተ ደግሞ! ጳውሎስ እንኳ ሲያስተምር ሰው ተኝቶ ከመስኮት ወድቋል።»

«ጳውሎስ ወርዶ አነሳው። እኔ ማንን አነሳሁ?» አላት። የስፌት መኪናው ቆመ። «አሥራ አንድ ዓመት። አንድ ሰው ነቅቶ እንዲሰማኝ ማድረግ ካልቻልኩ፣ ምኑን አገለገልኩት?»

እናቴ ምን እንደመለሰች አላስታውስም። እኔ ከመኪናው ሥር ሆኜ ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። አባቴ ያዘነው ጎሚስታው ስለሚተኛ ነው፤ ስለዚህ ጎሚስታው መተኛት የለበትም። ይሄ ምን ችግር አለው? ከእናቴ የቆርቆሮ ሣጥን አንዲት መርፌ ቁልፍ መዘዝኩ። የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባል የለ? የእኔ ያን ቀን ሁለቱም ጥሬ ነበሩ።

በሚቀጥለው እሁድ ከጎሚስታው ኋላ ተቀመጥኩ። አገጩ ሲወርድ በአግዳሚው ክፍተት አሹልኬ ጀርባውን ነካ አደረግኩት። ንቅንቅ አለና ማንኮራፋቱን ተወ። እኔ ኮራሁ። በሁለተኛው እሁድ ትንሽ ጠንከር አደረግኩት፤ ጀርባውን አሻሽቶ መስኮቱን ተመለከተና፣ ትንኝ ነው ብሎ መሰለኝ፣ ዘጋው። በሦስተኛው እሁድ ማንኮራፋቱ ባሰ። አባቴ ደግሞ ላቡ እስኪወርድ እየሰበከ ነው። ጥርሴን ነክሼ ወጋሁት።

«ወይኔ!» ብሎ ዘሎ ተነሣ፣ ሁለት እጁ ወደ ጣሪያው።

«አሜን!» አለች እትዬ አሜን፣ «ጌታ ጎበኘው!»

ሰው ሁሉ ዞረ። አንድ ሁለቱ አጨበጨቡ። ጎሚስታው እጁን የት እንደሚያወርደው ጠፍቶት ቆሞ ቀረ። እኔ መርፌዬን ካልሲዬ ውስጥ ሸጉጬ የመዝሙር መጽሐፍ ከፈትኩ፤ የያዝኩት ተዘቅዝቆ ነበር። አባቴ ግን! አባቴ በዓረፍተ ነገር መሀል ቆመ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር እስከ ዛሬ ሳስበው አንጀቴን ይበላዋል። እንደ ልጅ አበራ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ብስክሌቷን እያጠበ አፏጨ። «አየሽው ግን?» ይላታል እናቴን በየደቂቃው። «ቃሉ እኮ ወጋው!» እኔ አንገቴን ደፍቼ ዳቦዬን በሻይ እያራስኩ በላሁ።

በሚቀጥለው እሁድ ጎሚስታው አልመጣም። በሚቀጥለውም። በሦስተኛውም መስኮቱ ሥር ያለው ቦታ ባዶ ነበር። አባቴ መናገር ሲጀምር ዓይኑ ወደዚያ ይሄዳል፤ ያጣዋል፤ ከዚያ ወረቀቱን ያያል። ድምፁን ከፍ ማድረጉን ተወው። ከፍ የሚያደርግለት ሰው የለማ።

ከዚያ ሐሙስ አመሻሹ ላይ አባቴ ጠረጴዛው ላይ ደብዳቤ ሲጽፍ አየሁት። ይጽፋል፣ ይቀድዳል፣ እንደገና ይጽፋል። እናቴ ልብስ እያጣጠፈች ነው፤ እኔ የተለመደው ቦታዬ ነኝ።

«ነገ ጠዋት ዋናው ቢሮ አስገባዋለሁ» አላት።

«በደንብ አስበህበታል?»

«ወንድምሽ መጋዘን ውስጥ ሥራ አለ ብሎኛል። እዚያ ያለው ቢያንስ ሳጥን ነው፤ ሳጥን ጥሎህ አይሄድም።» ብዕሩን ከደነ። «ያ ሰውዬ እንኳ እግሩን ሰበሰበ። ተነካ ያልኩት ሰውዬ! ጥፋቱ የማን እንደሆነ አንድም ሳልደብቅ ጽፌዋለሁ።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት ሦስት ነገር ነው፤ ቢሮ፣ ሰውዬው፣ ጥፋት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አባቴ ጎሚስታውን ሊከሰው ነው! ክፍላችን ውስጥ አባቷ ፖሊስ የሆነች ልጅ ነበረች፤ ክስ የሚጀምረው በደብዳቤ ነው ብላን ነበር። ጎሚስታውን ይይዙታል፤ «ለምን ቀረህ?» ይሉታል፤ «በመርፌ እየወጉኝ» ይላል፤ ከዚያ እኔን ይወስዱኛል። 

ደብዳቤውን ያነበብኩት ባለፈው ዓመት ነው፣ መሳቢያውን ሳጸዳ። ሁለት ገጽ ነው። በውስጡ ጎሚስታው የለም፣ የሄዱት መዘምራንም የሉም፣ ማንም የለም። «ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የእኔ ነው» ይላል። «እግዚአብሔር የሰጠኝን አዳራሽ ባዶ አድርጌ አስረክባለሁ፤ ይቅር ይበለኝ» ይላል።

ዓርብ ጠዋት መምህራን ስብሰባ ስለነበራቸው እኔ ቤት ነበርኩ። አባቴ ሲላጭ ወደ ጓሮ ሾልኬ ወጣሁ። ብስክሌቷ ግድግዳ ተደግፋለች። ያችኑ መርፌ ቁልፍ ከካልሲዬ አውጥቼ የኋላ ጎማዋን ጠቅ አደረግኳት፤ ሁለት እጄን ተጠቅሜ፣ ምክንያቱም ጎማ እንደ ጎሚስታ ጀርባ ለስላሳ አይደለም። ስስስስ አለች። ከዚያ ገብቼ ቁርሴን በላሁ።

አባቴ ኮቱን ለብሶ፣ ፖስታውን የውስጥ ኪሱ ከትቶ ወጣ። ብስክሌቷን አየና፣ «አይ እንግዲህ!» አለ። ነፋት፤ ተነፈሰች። እንደገና ነፋት፤ ተነፈሰች። ቢሮው ዓርብ የሚሠራው እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ነው፣ ያን እኔም አውቃለሁ። በልቤ «በቃ ይቀራል» አልኩ።

«ሚጣዬ» አለኝ፣ «ነይ ከኋላ ግፊልኝ። ጎሚስታው ጋ እንውሰዳት።»

ከድጡ ወደ ማጡ! በሰፈሩ ሌላ ጎማ ጠጋኝ እንደሌለ እንዴት እንዳላሰብኩት።

አሁን ሳስበው ደግሞ አንድ ነገር ይገርመኛል። ወደ ቢሮው የሚሄደው አውቶቡስ በደጃችን ነበር የሚያልፈው። ሐሳቡ ደብዳቤውን ማድረስ ብቻ ቢሆን ኖሮ አባቴ ያችን ብስክሌት እዚያው ትቷት አውቶቡስ ላይ ይወጣ ነበር። ጎሚስታውን ሊጠይቀው የፈለገው ነገር ነበረው፤ ብስክሌቷ ሰበብ ሆነችለት።

ሱቁ የጎማና የማስቲሽ ሽታ ነው። በግድግዳው ላይ አሮጌ ጎማ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ መሀል ወለል ላይ ግማሽ በርሜል ውሃ አለ፣ ጠርዙ የለሰለሰ፣ ውሃው ጥቁር። ጎሚስታው አባቴን ሲያይ ደንግጦ ተነሣ፣ እጁን በሽርጡ ጠርጎ ክንዱን ለሰላምታ ሰጠው። ዓይኑ ሥር ሁለት ጥቁር ከረጢት የተንጠለጠለ ይመስላል። ከሦስት ሳምንት በፊት እንደዚያ አልነበረም።

«ፓስተር! በሰላም ነው?»

«ወንድሜ፣ ጎማዋ አስቸገረችኝ። እርስዎስ ደኅና ነዎት?»

«አለን።»

ጎማውን በሁለት ጠፍጣፋ ብረት ፈለቀቀና የውስጡን ላስቲክ አወጣ። ነፋው። ከዚያ ጥቂት ጥቂቱን እያዞረ፣ በርሜሉ ውስጥ ይነክረው ጀመር። «ዝም በሉልኝ» አለ፣ እኛ ምንም ሳንናገር። «ውሃው ይርጋ። ትንሽ ቀዳዳ ካልታገሡት አይታይም።» ሦስታችንም በርሜሉ ላይ ጎንበስ አልን። ውሃው ረጋ። ከዚያ ከጥቁሩ ውሃ ውስጥ ጥቃቅን አረፋ፣ አንድ በአንድ፣ ቡልቅ ቡልቅ አለ።

ጎሚስታው ላስቲኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየው። አውራ ጣቱን አሳረፈበት። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያየኝ።

«ምንድን ነው?» አለው አባቴ።

«እሾህ ነገር ነው» አለ ጎሚስታው። «አንቺ፣ ነይ እስቲ እዚህ ጋ ጣትሽን አድርጊልኝ። ለዚህ ትንሽ ጣት ይሻላል።»

ተጠጋሁ። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «መርፌዋን ወዲህ በይ» አለኝ።

ክው አልኩ። የማለቅስም የምሮጥም መስሎኝ ነበር፤ ሳላስበው እጄ ካልሲዬ ውስጥ ገባ። መርፌ ቁልፏን ተቀብሎኝ፣ ቆልፎ፣ የሸሚዙ ኮሌታ ሥር ሰካትና በብርጭቆ ወረቀት ላስቲኩን መፋቅ ጀመረ። ለአባቴ አንድ ቃል አልተናገረም።

አባቴ አንድ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። «ሦስት እሁድ አጣሁዎት» አለው። «ያስቀየምኩዎት ነገር ካለ ይንገሩኝ። ዛሬ ካልነገሩኝ ምናልባት ሌላ ጊዜ አንገናኝም።»

«ኧረ በጌታ! እርስዎ እኔን?» መፋቁን ተወ። «እንቅልፌ ተቋረጠብኝ፣ ሌላ ምንም አይደለም።» ወደ እኔ አላየም። «አንድ ነገር ልንገርዎት፣ አይቀየሙኝም?»

«ይንገሩኝ።»

«ባለቤቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ከዚያ ወዲህ እቤቴ ዓይኔ አይከደንም። አልጋ ቀየርኩ። ወለል ላይ ተኛሁ። ሐኪም ክኒን ሰጠኝ። ወይ ፍንክች! አንድ እሁድ እንዲሁ ከቤቱ ልሽሽ ብዬ አዳራሽዎ ገባሁ፤ እርስዎ መናገር ጀመሩ። ስነቃ ሰው ሄዶ አልቋል፤ አንዲት ሴትዮ እግሬ ሥር ትጠርጋለች። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የሳምንት እንቅልፌ እዚያ የማገኛት ናት። ልዋሽዎት አልችልም፣ የሚሉትን አልሰማም። ግን እርስዎ ቆመው ሲናገሩ… አንድ ሰው ነቅቶልኝ እየጠበቀኝ ነው፣ እኔ ትንሽ ብተኛ ምንም አይመጣም፣ የሚል ነገር ይሰማኛል።»



«እኔ እኮ» አለ አባቴ፣ «ስብከቴ ነው የሚያስተኛዎት ብዬ…»

«እሱማ ነው!» አለው ጎሚስታው፣ ሁለቱም ሳቁ። የአባቴ ሳቅ ግን መሀል ላይ ተሰበረ።

«አሥራ አንድ ዓመት ለፋሁ፣ ወንድሜ። አንድ ሰው ጠግኜ መላኬን እርግጠኛ አይደለሁም።»

ጎሚስታው ማስቲሹን በጣቱ እየቀባ፣ «እኔ ደግሞ ሃያ ዓመት ጎማ ጠገንኩ» አለ። «አንድ ቀን አንድ ሰው መጥቶ ‹ያ የጠገንክልኝ ጎማ እስከ ዛሬ አልተነፈሰም› ብሎኝ አያውቅም። ተመልሶ የሚመጣው የተነፈሰበት ነው፤ እሱም ሊቆጣኝ። የተመለሱትን ብቻ አይቼ ብፈርድ ኖሮ ይሄን ሱቅ ድሮ ዘግቼው ነበር።»

«የቀሩትስ?»

«የቀሩትማ መንገድ ላይ ናቸዋ! የት ይሆናሉ?»

እኔ የዚህን ነገር ራስም እግርም አልያዝኩም። ያየሁትን ብቻ ልንገራችሁ፤ አባቴ ከምስማር የተንጠለጠለ ጨርቅ ስቦ ዓይኑን ጠረገ፣ ከጉንጩ እስከ ጆሮው ጥቁር መስመር ወጣ። ማስቲሹ ዓይኑን አቃጠለው ብዬ አሰብኩ። የእኔንም አቃጥሎኝ ነበር።

«ማስቲሹ በደንብ ካልደረቀ አይሆንም» አለ ጎሚስታው። «ይቀመጡ።» ተቀመጥን። ስለ ባለቤቱ አወራ፤ እንዴት እንደምትስቅ፣ እንዴት በር እንደምትዘጋ። አባቴ ያዳምጣል። ፀሐይዋ ከበሩ ደፍ አልፋ በርሜሉ ጋ ደረሰች። ከዓመታት በኋላ እኔ ራሴ ጎማ አስጠግኜ አውቄዋለሁ፤ ማስቲሽ ለመድረቅ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ያን ቀን ግማሽ ቀን ፈጀ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ብስክሌቷን አልነዳትም። እኔን ኮርቻዋ ላይ አስቀምጦ ገፋት። እናቴ በር ላይ ጠበቀችን።

«ፊትህ ምን ሆኖ ነው?»

«ማስቲሽ ነው።»

«ደብዳቤውስ?»

«ቢሮው ተዘጋ።»

«ታዲያ ሰኞ ልትወስደው ነው?»

«ሰኞን ሰኞ እናያታለን።»

 እናቴ ገብታ መኪናዋ ላይ ተቀመጠችና መስፋት ጀመረች፤ ክር ሳታስገባ እንደነበር ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ደግሞ ከእስር ቤት ተርፌያለሁና ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

እሁድ ጎሚስታው መጣ። ነጭ ሸሚዙን ለብሶ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። እኔ ከኋላው ነኝ፣ ሁለት እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ። ዞር አለና የኮሌታውን ጫፍ ገለጥ አድርጎ አሳየኝ፤ መርፌ ቁልፏ እዚያው ናት። ከዚያ መጽሐፉን ዘረጋ፣ አገጩ ወረደ፣ ማንኮራፋት ጀመረ። አባቴ ከመድረኩ አየው። እንደ ድሮው ድምፁን ከፍ ያደርጋል ብዬ ጠበቅኩ። ዝቅ አደረገው። እስከ መጨረሻው ዝግ ባለ ድምፅ፣ ሕፃን እንደተኛበት ቤት ሰብኮ ጨረሰ። እትዬ አሜን እንኳ አሜኗን በሹክሹክታ አለች።

ከዚያ በኋላ አዳራሹ ሞላ ብላችሁ ደስ ባለኝ ነበር። አልሞላም። በጥሩ ዘመኑ አርባ ሰው ነበር፤ በመጥፎው አሥራ አምስት። አባቴ ግን ሠላሳ ሁለት ዓመት እዚያው ቆሞ አገለገለ። የመርፌዋን ነገር የነገርኩት ሊያርፍ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ሳል እስኪይዘው ሳቀ። «አይ አንቺ!» አለኝ ዓይኑን እየጠረገ፣ «እኔ እኮ ሳምንት ሙሉ ጌታ ነካው ብዬ መሬት አልረገጥኩም ነበር!» ከዚያ ትንሽ ቆይቶ «ለነገሩ፣ በአንቺም ቢሆን» አለ።

የቀብሩ ዕለት የሽኝት ጸሎቱ በዚያው አዳራሽ ተደረገ። ከዋናው ቢሮ ታዋቂ ሰባኪ ተልኮ መጣ፤ ድምፁ ያማረ፣ ንግግሩ የጠራ። ጎሚስታው በምርኩዝ መጣ። ሱቁን ለልጁ ካስረከበ ቆይቷል፣ ጆሮውም ከብዷል፣ ቦታውን ግን ማንም አልያዘበትም። እኔ ቤተሰብ ፊት ይቀመጥ ሲሉኝ እሺ ብዬ ተነሥቼ፣ እግሬ ወደ ኋላ ወሰደኝ፤ ከእሱ ኋላ ተቀመጥኩ።

ሰባኪው ጀመረ። እኔ የምጠብቀው የጎሚስታውን አገጭ ነው። አልወረደም። ሰባኪው አነበበ፣ አስረዳ፣ አስለቀሰ፤ የጎሚስታው አንገት እንደቆመ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ። ተነሥቼ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ያን ጊዜ ፊቱን አየሁት። ዓይኑ ቀልቷል፣ ተበልጥጧል፣ ሰባኪው ወርዶ ባዶ የቀረውን መድረክ ያያል። የከበደ እጁን እጄ ላይ አሳረፈ።

«አየሽ፣ እምቢ አለኝ» አለኝ። «እንግዲህ የት ልተኛ ነው፣ ልጄ?»